ሽንት ውስጥ የተገኘው ፕሮቲን የትኛው ነው?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ሽንት ውስጥ ስለሚገኝ ፕሮቲንና ላቦራቶሪዎች እሱን ፈልገው ስለሚያገኙባቸው ዘዴዎች ነው። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1845 መገባደጃ ላይ ለንደን ውስጥ ሄንሪ ቤንስ ጆንስ ለሚባል የ31 ዓመት ሐኪም አንድ የመስታወት ቱቦ ከአጭር ማስታወሻ ጋር ተላከለት። ቱቦው የያዘው የአንድ የ45 ዓመት ነጋዴ ሽንት ነው። ሰውየው ደረቱንና ወገቡን ክፉኛ እያመመው፣ ጉልበት እየከዳው፣ ሰውነቱ እየመነመነ ቆይቷል። ከሚያክሙት ሐኪሞች አንዱ ዊልያም ማኪንታየር እብጠት ስላየበት በጊዜው እንደተለመደው ሽንቱን በእሳት አሙቆ ፈተሸ። ያየው ነገር ግን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ነበር።

ሽንቱ መለስተኛ ሙቀት ሲያገኘው ይደፈርሳል። እሳቱ በርትቶ ሊፈላ ሲደርስ ድፍርሱ መልሶ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደገና ይረጋል። ሐኪሞች እስከዚያ ቀን የሚያውቁት የሽንት ፕሮቲን አንዴ በሙቀት ከረጋ የማይመለስ ነው። ቱቦው ለቤንስ ጆንስ የተላከውም ሌሎቹ ሐኪሞች ይህ ነገር ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ነው፤ እሱ ከህክምናው ባሻገር በኬሚስትሪ የተካነ ነበርና።

በሽተኛው በ1846 መጀመሪያ ላይ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር አጥንቶቹ ለስልሰው፣ በትንሽ ግፊት የሚሰበሩ ሆነው ተገኙ። ኩላሊቶቹ ግን ለዓይን ጤነኛ ይመስሉ ነበር። በቀን በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ፕሮቲን በሽንቱ ሲያጣ የነበረ ሰው ኩላሊቱ ደህና ሆኖ መገኘቱ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ቤንስ ጆንስ ይህ ፕሮቲን አጥንታቸው በሚለሰልስ ሌሎች በሽተኞች ሽንት ውስጥም እንዲፈለግ አሳሰበ። ምንነቱ እስኪታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ወሰደ፤ ታሪኩ ኋላ ላይ ይመጣል።

ለአሁኑ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ወረቀት ላይ “ፕሮቲን አለ” ተብሎ የሚጻፍ ውጤት ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ነው። የትኛው ፕሮቲን ነው? በምን ዘዴ ታየ? ሽንቱስ ምን ያህል የቀጠነ ነበር? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ካልተመለሱ ያው ውጤት አንዱን ያለምክንያት ያስደነግጠዋል፤ ሌላውን ደግሞ እያመመው “ደህና ነህ” ብሎ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከኩላሊት ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ሥራው የሚሠራው በየኩላሊቱ ውስጥ ባሉት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዱቄቱን አሳልፎ ገለባውን እንደሚያስቀር ወንፊት ውኃውንና ጨዉን አሳልፎ ትልልቁን ፕሮቲን ደም ውስጥ ያስቀራል። በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው አልቡሚን ጥቂት ብቻ ያልፋል። ትንንሾቹ ፕሮቲኖች ግን በደንብ ያልፋሉ፤ ከማጣሪያው ቀጥሎ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ለቅመው ወደ ሰውነት ይመልሷቸዋል። በመጨረሻ በጤነኛ አዋቂ ሽንት ውስጥ በቀን ከ150 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ፕሮቲን ይወጣል። ከዚህም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ከደም የመጣ ሳይሆን ራሱ ኩላሊቱ የሚሠራው ዩሮሞዱሊን የተባለ ፕሮቲን ነው። ኢጎር ታምና ፍራንክ ሆርስፎል በ1950 ለይተው ስላወጡት በስማቸውም ይጠራል። ስለዚህ ጭራሽ ፕሮቲን የሌለበት ሽንት የለም።

መጠኑ ሲጨምር መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ብግነት ማጣሪያውን ሲጎዳው አልቡሚን ያመልጣል። ቱቦዎቹ ሲታመሙ ማጣሪያው ደህና ሆኖ ሳለ ትንንሾቹ ፕሮቲኖች ሳይለቀሙ ይቀራሉ። እንደ ለንደኑ ነጋዴ ደግሞ ደም ውስጥ አንድ ትንሽ ፕሮቲን ከልክ በላይ ሲመረት ጤነኛውን ኩላሊት ሞልቶ ይፈሳል። ከኩላሊት በታች ከፊኛ የሚጨመርበትም ጊዜ አለ።

ይህ የመጨረሻው በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ይታወቃል። በአዋሽ ሸለቆ፣ በዋቢ ሸበሌ ዙሪያና በቤኒሻንጉል ኩርሙክ አካባቢ ሰዎችን የሚያጠቃው የፊኛ ቢልሃርዝያ እንቁላሎቹን በፊኛ ግድግዳ ውስጥ ሰንጥቆ ያስወጣል። የታማሚው ሽንት ደም ይቀላቀልበታል፤ ደም ካለ ፕሮቲንም አለ። እዚህ ላይ ቁርጡን የሚነግረው ማይክሮስኮፕ ነው። ናሙናውም የሚወሰደው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ እንቁላሎቹ በብዛት የሚወጡት ያኔ ነውና። በዚህ ጊዜ የፕሮቲኑ ምንጭ ፊኛው ሆኖ ሳለ ኩላሊት ታሟል ማለት ስህተት ይሆናል።

ወደ ዘዴዎቹ እንመለስ። በ1764 የናፖሊው ሐኪም ዶሜኒኮ ኮቱኞ ሰውነቱ ያበጠ የአንድ ወጣት ወታደር ሽንት እሳት ላይ ጥዶ ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ሲረጋ አየ። ሰውነት ማበጥና ሽንት ውስጥ የሚረጋ ነገር መገኘቱ የተያያዙ መሆናቸውን ግን በስፋት ያሳየው ሪቻርድ ብራይት ነው። በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ብራይት በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ እብጠቱን፣ የሚረጋውን ሽንትና በአስከሬን ምርመራ የታየውን የተበላሸ ኩላሊት አንድ ላይ አቆራኛቸው። መሣሪያው ማንኪያና ሻማ ነበር። ጥቂት ሽንት በማንኪያ አድርጎ ከሻማው በላይ መያዝ፣ ከዚያም መርጋቱን ማየት። በ1842 ሆስፒታሉ ለኩላሊት በሽተኞች ብቻ ሁለት የተኝቶ መታከሚያ ክፍሎችንና አብሯቸው የሚሠራ ላቦራቶሪ ለይቶ ሰጠው። በሽተኛውና ምርመራው ጎን ለጎን የሆኑበት አሠራር ከዚያ በፊት እምብዛም አይታወቅም ነበር።

ኋላ ላይ ይህ የሙቀት ምርመራ በየላቦራቶሪው ሥርዓት ያዘ። ቱቦው ሁለት ሦስተኛው ድረስ ሽንት ይሞላና የላይኛው ክፍል ብቻ እሳት ላይ ይያዛል። የታችኛው ሳይነካ ስለሚቀር የሞቀውን ከእሱ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ላዩ ከደፈረሰ ጥቂት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ይጨመርበታል። ድፍርሱ ከጠፋ ፎስፌት የሚባል ጨው ነው፤ ከጸና ወይም ከበረታ ፕሮቲን ነው። ያቺን ጠብታ አሲድ የዘለለ መርማሪ አትክልት በብዛት የበላን ጤነኛ ሰው በሽተኛ ሊያደርገው ይችላል።

ሌሎችም በአሲድ ብቻ የሚሠሩ ዘዴዎች መጡ። የቪየናው ዮሐን ፍሎሪያን ሄለር ናይትሪክ አሲድ ታች፣ ሽንት ላይ አድርጎ በመካከላቸው የሚታየውን ነጭ ቀለበት ማንበብን አስተማረ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ኤስባክ በ1874 ፒክሪክ አሲድና ሲትሪክ አሲድ ቀላቅሎ፣ ምልክት በተሠራበት ቱቦ ውስጥ ከሽንት ጋር ለ24 ሰዓት አቆይቶ፣ ከታች የዘቀጠውን ከፍታ በግራም አነበበ። ዘዴው ሻካራ ቢሆንም ፕሮቲንን በቁጥር መግለጽ አስለምዷል። ሰልፎሳሊሲሊክ አሲድ ደግሞ እስከ ዛሬ አለ፤ ጥርት ያለ ሽንት ላይ ሲጨመር ፕሮቲን ካለ ወተት ጠብ እንዳለበት ውኃ ይደፈርሳል፣ ሲበዛም ቋጠሮ ይሠራል። የዚህ አሲድ ትልቁ ጥቅም ፕሮቲን አለመምረጡ ነው። አልቡሚንም ሆነ የለንደኑ ነጋዴ ፕሮቲን ያደፈርሱታል።

በዚያው በጋይስ ሆስፒታል በ1843 ጆን ሌቨር በወሊድ ሰሞን የሚጥል ሕመም የያዛቸውን እናቶች ሽንት መረመረና አልቡሚን አገኘ። ዛሬ ፕሪኤክላምፕሲያ እየተባለ የሚጠራውን አደጋ በሽንት ምርመራ መከታተል የተጀመረው ከዚህ ነው። ሕመሙ ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ የሚመጣ ሲሆን፣ የደም ግፊት ወደ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ይወጣል፤ በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥም 300 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን መገኘቱ ከዋና ምልክቶቹ አንዱ ነው። የአሁኑ የህክምና መመሪያ ሌሎች የአደጋ ምልክቶች ካሉ ፕሮቲን ባይገኝም ሕመሙን አያስቀርም። ይህን እያንዳንዱ የእርግዝና ክትትል ክፍል ሊያውቀው ይገባል፤ “ሽንቷ ንጹሕ ነው” ተብላ የተሸኘች እናት ራሷን እያመማት፣ ዓይኗ እየተጋረደባት ከሆነ የሽንቱ ውጤት ዋስ አይሆናትም።

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ለክትትል የመጣች ነፍሰ ጡር ሽንቷን በትንሽ ዕቃ ይዛ ወደ ላቦራቶሪው ስትሄድ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቃት በሻማና በማንኪያ ፈንታ ስትሪፕ ነው። አንዳንዶች ዲፕስቲክ ይሉታል። ስስ ፕላስቲክ ላይ የተደረደሩ ባለ ቀለም ትንንሽ ካሬዎች ያሉት፣ ከጠርሙሱ ወጥቶ ሽንት ውስጥ ብቅ ጥልቅ የሚደረግ ነገር።

የዚህ ስትሪፕ ጥንስስ ያለው ኮፐንሃገን ነው። ሶረን ሶረንሰን በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ስለ አሲድነት ልኬት ሲያጠና በ1909 አንድ የሚያስቸግር ነገር አስተዋለ። የአሲድነትን መጠን በቀለማቸው የሚናገሩ ኬሚካሎች ፕሮቲን ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ቀለማቸውን ያዛባሉ። ለእሱ ይህ ስህተት ነበር። ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ በአሜሪካ ኢንዲያና፣ ኤልክሃርት ከተማ የሚሠሩት አልፍሬድ ፍሪና ባለቤቱ ሄለን ፍሪ ያንኑ ስህተት መሣሪያ አደረጉት። ሁለቱ አስቀድመው በሽንት ውስጥ ስኳር የሚያሳይ ስትሪፕ ከሠሩበት ኩባንያ በ1957 አልቡስቲክስ የተባለ የፕሮቲን ስትሪፕ ወጣ። ሄለን ፍሪ በ2021 በ98 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ሥራዋ በዓለም ዙሪያ በየላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፕሮቲኗ ካሬ ቴትራብሮሞፌኖል ብሉ የሚባል ቀለምና የአሲድነት ልኬት የሆነውን ፒኤች 3 ላይ የሚያጸና አሲድ ተነክራለች። በዚያ አሲድነት ቀለሙ ቢጫ ነው። አልቡሚን ሲመጣ ከቀለሙ ላይ ሃይድሮጅን ይወስድና ቢጫው ወደ አረንጓዴ፣ ሲበዛም ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ይለወጣል። መርማሪው ስትሪፑን ነክሮ ወዲያው ያወጣዋል፤ ጠርዙን በዕቃው አፍ ላይ ጠርጎ ትርፉን ያንጠባጥባል፤ አግድም ይይዘዋል፤ በ60ኛው ሰከንድ ገደማ ከጠርሙሱ ላይ ካለው የቀለም ሠንጠረዥ ጋር ያስተያያል። አንድ ፕላስ በ100 ሚሊ ሊትር 30 ሚሊ ግራም፣ ሁለት ፕላስ 100፣ ሦስት ፕላስ 300 ገደማ ማለት ነው።

ዘዴው ርካሽ፣ ፈጣን፣ መብራት የማይፈልግ ነው። ለዚህም ሊመሰገን ይገባል። ድካሙን ማወቅ ግን ከምስጋናው አያንስም። ስትሪፑ ሽንት ውስጥ ከቆየ አሲዱ ታጥቦ ይሄድና ካሬዋ ያለ ፕሮቲን አረንጓዴ ትሆናለች። ቆይቶ የተበላሸ፣ ፒኤቹ ከ8 በላይ የወጣ ሽንትም እንዲሁ ያደርጋታል። ክሎርሄክሲዲን በመሳሰለ ፀረ ተሕዋስያን የታጠበ ዕቃም ያሳስታል። የጠርሙሱ ክዳን ተከፍቶ የዋለ ከሆነ እርጥበት ካሬዎቹን ያበላሻቸዋል። ሥራ በሚበዛበት ጠረጴዛ ላይ ይህ የመጨረሻው እጅግ የተለመደ ነው፤ መድኃኒቱም ቀላል፣ አንድ ስትሪፕ ባወጡ ቁጥር ክዳኑን መግጠም።

ከሁሉ የሚከፋው ስትሪፑ የማያየው ነገር መኖሩ ነው። ቀለሙ አልቡሚንን ይወዳል፤ ሌሎቹን ፕሮቲኖች አብዛኛውን ጊዜ አያያቸውም። ያ የለንደኑ ነጋዴ ዛሬ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ መጥቶ ሽንቱ በስትሪፕ ብቻ ቢታይ “ኔጌቲቭ” ተብሎ ሊሄድ ይችላል። ሰልፎሳሊሲሊክ አሲድ ጠብ ቢልበት ግን ቱቦው ይደፈርሳል። ስለዚህ ልምድ ያለው መርማሪ አሮጌውን አሲድ መደርደሪያው ላይ ያቆያል። ስትሪፑ ኔጌቲቭ፣ አሲዱ ድፍርስ ሲሆን ወገቡን የሚያመው፣ ደም ያነሰው አዛውንት ሽንት በደንብ መታየት አለበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ውኃ ነው። የማንኛውም ሰው ሽንት በጠዋት ወፍራም፣ ከብዙ ውኃ በኋላ ቀጭን ይሆናል። ሁለት ሴቶችን እናስብ። የአንደኛዋ ሽንት በሊትር 20 ሚሊ ግራም አልቡሚን አለው፤ የሁለተኛዋ 60። እንዲሁ ሲታይ ሁለተኛዋ የባሰባት ይመስላል። አሁን ክሬቲኒን ይለካ። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ፣ በቀን ውስጥ ሲወጣ መጠኑ ብዙም የማይዋዥቅ ነገር ነው፤ ሽንቱ ሲቀጥን አብሮ ይቀጥናል። አንደኛዋ ውኃ በብዛት ጠጥታ ስለነበር ክሬቲኒኗ በሊትር 0.25 ግራም ብቻ ሆነ፤ የሁለተኛዋ 2.5። ሲካፈል የአንደኛዋ በአንድ ግራም ክሬቲኒን 80 ሚሊ ግራም አልቡሚን፣ የሁለተኛዋ 24 ሆኖ ይወጣል። ዓለም አቀፉ የኩላሊት ህክምና መመሪያ ከ30 በታች የሆነውን ከጤናማው ይመድባል፤ ከ30 እስከ 300 መካከለኛ፣ ከ300 በላይ ከባድ ጭማሪ ይለዋል። ስለዚህ ክትትል የሚያሻት አንደኛዋ ነች። ስትሪፕ ለሁለቱም “ኔጌቲቭ” ይል ነበር።

የፕሮቲንና የክሬቲኒን ንጽጽር የአንድ ቀን ሙሉ ሽንት ከማጠራቀም ጋር የሚመጣጠን መልስ እንደሚሰጥ ጂንስበርግና ባልደረቦቹ በ1983 አሳዩ። ጀሪካን ይዞ መዞር ለሚያስቸግራቸው ብዙ ሕሙማን ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ነገር ግን በሊትር 20 ሚሊ ግራም የምታህለው አልቡሚን በምን ትለካለች? እዚህ ላይ ጋይስ ሆስፒታል ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣል። ሃሪ ኪንና ክሎቬራኪስ በ1963 አልቡሚንን ብቻ ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲና በጨረር አመንጪ ምልክት እየታገዙ፣ እጅግ ጥቂት አልቡሚንን መለካት ቻሉ። በ1982 ደግሞ ቪቤርቲና ባልደረቦቹ በዚያው ሆስፒታል፣ ስትሪፕ የማያየው ይህ ጥቂት አልቡሚን ያለባቸው የስኳር ሕሙማን ከዓመታት በኋላ ኩላሊታቸው የመጎዳት ዕድሉ እጅግ እንደሚበልጥ አሳዩ። ኩላሊቱ ከመድከሙ ከብዙ ዓመት በፊት ማወቅ ተቻለ ማለት ነው። ስኳሩንና ግፊቱን መቆጣጠር፣ ኩላሊትን የሚጠብቁትን የግፊት መድኃኒቶች መጀመር ገና የሚጠቅምበት ጊዜ ይህ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የአልቡሚንና ክሬቲኒን ምርመራ የማይደረግለት የስኳር ሕመምተኛ የሚያጣው ይህን ጊዜ ነው።

ዛሬ ጨረሩ ቀርቷል። ማሽኑ አንቲቦዲውን ከሽንቱ ጋር ያቀላቅላል፤ አንቲቦዲና አልቡሚን ተያይዘው የሚፈጥሩትን ደቃቅ ድፍርስ ብርሃን አሳልፎ ይለካዋል። ይህም ቢሆን ወጥመድ አለው። አልቡሚኑ ከልክ ያለፈ ሲሆን እያንዳንዱ አንቲቦዲ በአልቡሚን ይከበብና መያያዣ ያጣል፤ ድፍርሱ ይቀንሳል፤ ማሽኑም በሽንቱ እጅግ ብዙ ፕሮቲን የሚያጣውን ሰው ትንሽ ቁጥር ይሰጠዋል። ስትሪፑ ሦስት ፕላስ ብሎ ማሽኑ አነስተኛ ቁጥር ካወጣ ናሙናው በውኃ ቀጥኖ እንደገና መለካት አለበት።

ጠቅላላ ፕሮቲንን የሚለኩ ማሽኖች በአብዛኛው ቀለም ይጠቀማሉ፤ ፓይሮጋሎል ሬድ ከሞሊብዴት ጋር፣ ወይም ማሪዮን ብራድፎርድ በ1976 ያስተዋወቀው ኩማሲ ብሉ። ሌሎች ቤንዜቶኒየም ክሎራይድ ጨምረው ድፍርሱን ይለካሉ። እያንዳንዱ ለየፕሮቲኑ የሚሰጠው ምላሽ ስለሚለያይ የአንድ ሰው ሽንት በሁለት ላቦራቶሪዎች ሁለት ቁጥር ቢያወጣ አንዱ ዋሸ ማለት አይደለም። ሕክምናው እየሠራ መሆኑን በቁጥር የሚከታተል ሰው እንዲያውም በአንድ ላቦራቶሪ ቢጸና ይሻለዋል።

አሁን ወደ ነጋዴው። ስዊድናዊው አርነ ቲሴልየስ በ1937 ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለይ መሣሪያ ሠርቶ በ1948 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ዘዴው ኤሌክትሮፎሬሲስ ይባላል። ዛሬ ሽንቱ ይጨመቅና አጋሮዝ የተባለ ስስ ጄል ላይ ጠብ ይላል፤ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት አልቡሚን ቀድሞ ይሮጣል፤ ሌሎቹ በየፍጥነታቸው ይከተላሉ። ቀለም ሲነከር ጄሉ ላይ ባንዶች ይታያሉ። ማጣሪያው የተጎዳ ሰው ጄል ላይ የአልቡሚን ባንድ ይጎላል። ቱቦዎቹ የታመሙበት ሰው ጄል ላይ አልቡሚኑ ደብዝዞ የትንንሾቹ ፕሮቲኖች ባንዶች ይበዛሉ። የነጋዴው ዓይነት በሽተኛ ከሆነ ደግሞ በምላጭ የተቀረጸች የምትመስል አንዲት ጠባብ፣ ደማቅ ባንድ ለብቻዋ ትቆማለች።

ያቺ ባንድ ምን እንደሆነች ጄራልድ ኤደልማንና ጆሴፍ ጋሊ በ1962 አረጋገጡ። የቤንስ ጆንስ ፕሮቲን የአንቲቦዲ ቁራጭ ነው፤ አንቲቦዲ ከሚሠራባቸው ሁለት ዓይነት ሰንሰለቶች ቀላሉ። የአንድ ሕመምተኛን አንቲቦዲ ሰንሰለት ለይተው ሲያሞቁት በ1845 ቱቦ ውስጥ እንደታየው ረግቶ፣ ሲፈላም ሟሟ። የነጋዴው ሕመም መልቲፕል ማየሎማ ነው፣ የመቅኔ ካንሰር። ከአንዲት የተበላሸች ሕዋስ የተባዙት ሁሉ አንድ ዓይነት ሰንሰለት ብቻ ስለሚሠሩ ነው ባንዷ ጠባብ የምትሆነው። ዛሬ ላቦራቶሪው ካፓና ላምዳ ከሚባሉት ሁለቱ የሰንሰለት ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ በአንቲቦዲ ጄሉ ላይ አጽንቶ ይለየዋል። ኢሚውኖፊክሴሽን የሚባለው ይህ ነው። ከ2001 ወዲህም እነዚህን ሰንሰለቶች በቀጥታ ከደም መለካት ተችሏል።

ስለ ቱቦዎቹ ሕመም የሚናገር ሌላ ታሪክ ከጃፓን ይመጣል። በቶያማ አውራጃ በጂንዙ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ከማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም በሩዛቸው በኩል ገብቶ ኩላሊታቸውንና አጥንታቸውን ጎዳው። የጃፓን መንግሥት በ1968 ሕመሙን በብክለት የመጣ ብሎ ተቀበለው። የእነዚህ ሕሙማን ሽንት ቤታ 2 ማይክሮግሎቡሊን በተባለች ትንሽ ፕሮቲን የተሞላ ነው፤ ለቃሚዎቹ ቱቦዎች ታመዋልና። ፕሮቲኗ ግን አሲድነት ባለው ሽንት ውስጥ፣ ገና ፊኛ ውስጥ ሳለች ትፈርሳለች። ስለዚህ ብዙ ላቦራቶሪዎች በእሷ ፈንታ አሲድ የሚችለውን አልፋ 1 ማይክሮግሎቡሊን ይለካሉ።

ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚባለው ሌላው ዘዴ ደግሞ ፕሮቲኖችን በክብደታቸው አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ለዚህ ያበቁት ጆን ፌንና ኮይቺ ታናካ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በዚህ መሣሪያ በሰው ሽንት ውስጥ ከ1500 በላይ የፕሮቲን ዓይነቶችን ቆጥሯል። ለየዕለቱ ህክምና የሚውሉት ግን እስካሁን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ማሽን በፊት ያለው ሥራ የራሱ የናሙና ሰጪው ነው። ለአልቡሚን ምርመራ የሚመረጠው የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ነው፤ በተለይ በወጣቶች ቆመው ሲውሉ ብቻ የሚታይና ብዙውን ጊዜ የማያሰጋ ፕሮቲን ስላለ፣ ተኝቶ ካደረ ሰው የተወሰደ ናሙና ይህን ይለየዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቂት ወደ መጸዳጃ ይሄዳል፤ መሃሉ በንጹሕ ዕቃ ይያዛል። ትኩሳት ያለበት፣ ወይም ከባድ ሩጫ ሮጦ ያደረ ሰው ምርመራውን ቢያዘገየው ይሻላል፤ ሴቶችም በወር አበባ ቀናት። አንድ ጊዜ የታየ አልቡሚን ብቻውን ፍርድ አይሰጥበትም፤ በሦስት ወር ውስጥ ደግሞ ይታያል።

ሐኪሙ የ24 ሰዓት ሽንት ካዘዘ ብዙ ሰው የሚስተው መጀመሪያውን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፊኛው ሙሉ በሙሉ ባዶ ይደረግና ያ ሽንት ይደፋል። ከዚያ በኋላ ቀኑንም ሌሊቱንም የሚወጣው ሁሉ በተሰጠው ጀሪካን ይጠራቀማል፤ ጀሪካኑ ማቀዝቀዣ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ የሚወጣው የመጨረሻው ሆኖ ይጨመርበታል። አንዱ ሳይጠራቀም ካመለጠ ለላቦራቶሪው መናገር እንጂ በግምት መሙላት አይገባም። መርማሪውም ከጀሪካኑ ክሬቲኒኑን ለክቶ ሽንቱ የሙሉ ቀን መሆን አለመሆኑን ሊገምት ይችላል፤ ካነሰ ምርመራው ከመጀመሪያው ይደገማል።